ለኮኮቹ የታዘዘው ቫይታሚን

አይ፣ አትነሺ ልጄ፣ አትነሺ። ሥራሽን ያዢ። እኔ ይህችን ባዶ ሳጥን ደፍቼ እቀመጥባታለሁ፤ መስገድ የለመደ ጉልበት ነውና ዝቅ ያለ ነገር ይወዳል። እንዲህ… እሰይ።

ደጁ ዛሬ እንዴት ይሞቃል? ጠዋት ደመና አይቼ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ተሸክሜው እዞራለሁ። እናትሽ እንዴት አደረች? ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ድምፅዋን ካልሰማሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ልጆችሽስ? ደህና ናቸው? ይመስገን።

በሩን? ተይው፣ አትዝጊው። ነፋስ ይግባ። ከዚህ ስስ ጣውላ ወዲያ፣ ቢሮው ውስጥ፣ ሰው አለ እንዴ? አላየሽም? መልካም። ሳል የሰማሁ መስሎኝ ነበር። የማቀዝቀዣው ሞተር ይሆናል። ሞተርም ሲያረጅ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ዓይንሽ ግን ቀልቷል። የኮኩ ብናኝ ገብቶበት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ኮክ ፀጉሩ ክፉ ነው፣ ዓይን ከገባ እንባ ሳያስፈስስ አይወጣም። ከትናንቱ ስብሰባ በኋላ ነው የገባብሽ? … እንዲህ ነው። ስብሰባ ላይም ብናኝ ይበዛል።

ምን እየለየሽ ነው? ደህናው ለብቻ፣ የለሰለሰው ለማርማላታ። ይህኛውን ወዲያ ያራቅሽው ለምንድን ነው? አሳዪኝ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ አቅርቢልኝ። ፂም አብቅሎ የለም እንዴ። ያውም የሸበተ ፂም። ገና በዚህ መከር ከቅርንጫፉ የወረደ፣ ሕፃን ማለት እኮ ነው። እኔ እዚህ ሽበት ላይ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደ ፈጀብኝ ማን በነገረው።

ይህን ሳይ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አይ፣ ስም አልጠራም። ስም መጥራት ወደ ሐሜት ይወስዳል፤ ሐሜት ደግሞ ኃጢአት ነው። ምስጋና ግን ተፈቅዶልኛል፤ ዛሬም የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግን ነው። በፍሬ አምራቾች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን ትልቅ ሰው… አወቅሻቸው? እንግዲያው ስም ለምን ያስፈልጋል።

የቫይታሚኑን ትምህርት ወደ እኛ ያመጡት እሳቸው አይደሉም? ያች የግብርና ባለሙያ፣ ቁመቷም ንግግሯም አጠር ያለው፣ እውነት ነው፣ ያስተማረችን እሷ ናት። ነገር ግን በሩን ከፍተው “ግቢ” ያሏት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ይህን ደግሞ እኔ አይደለሁም ያልሁት፤ ራሳቸው በየስብሰባው ይሉታል፣ እንዳንረሳው ብለው።

ያ ቀን ትዝ ይልሻል? ኮክ ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል አለችን። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መምህር ፊት ተቀምጫለሁ፣ ብዙ ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ የተቀጠፈ ፍሬ ይተነፍሳል ያለኝ ግን አንድም አልነበረም። ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲህ ኮክ ስነክስ በልቤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ይተነፍሳል አለች፣ በመተንፈሱም ያረጃል፤ ይህ ነጭ ዱቄት፣ ቫይታሚኑ፣ በውሃ ተበጥብጦ ኮኩ ጥቂት ከተነከረበት እርጅናው ይዘገያል። ውሃው ንጹሕ ይሁን፣ ከዱቄቱ በቀር ምንም አይግባበት፣ ከውሃው ከወጣም በኋላ ማራገቢያው ፊት ተዘርግቶ ፈጽሞ ይድረቅ። እርጥቡን ወደ ማቀዝቀዣ ማስገባት ሻጋታን በግብዣ መጥራት ነው አለች። እኛ ሁላችን አፋችንን ከፍተን ስንሰማ እኒያ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ጸጋ ለሁሉ አይሰጥም።

የዱቄቱን ጣሳም እሳቸው ተረከቡ። “በጋራ ዕቃ ቤት እርጥበት ይነካዋል፣ እኔ ቢሮ ይቀመጥ” አሉ። አሳቢነታቸውን አየሽ? ሌላ ሰው ቢሆን መደርደሪያ ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ከጠረጴዛቸው አላራቁትም፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠበቁት። እንዲያውም ከዓይን ብሌን ይበልጥ ቀረቡት… የዓይን ብሌንን ማን በማንኪያ ይነካዋል?

ማንኪያ አልሁ እንዴ? አፌ ነው። እንግዲህ ከወጣ አይመለስም፣ ልጨርሰው።

አንድ ማለዳ ከጸሎት ስመለስ በዚህ በኩል አለፍሁ። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ዓይኔ ደካማ ነው፤ ቢሆንም መብራት የበራበትን ነገር አይስትም። እኒያ ትልቅ ሰው ቆመዋል፤ በፊታቸው የውሃ ብርጭቆ፣ በእጃቸው ማንኪያ፣ ጣሳው ተከፍቶ። ይበጠብጣሉ፣ ይጠጣሉ፤ በክዳኑ ላይ የቀረውን ብናኝ ደግሞ በጣታቸው እየነኩ ጉንጫቸውን ይቀባሉ። እንዲያው በቀስታ… እናት ሕፃኗን እንደምትቀባ። ከዚያ በመስኮቱ መስተዋት ፊታቸውን አዩ፣ ዞር አሉ፣ በሌላው ጎን ደግሞ አዩ። እኔ ምን አደረግሁ? ጸሎት ላይ ያሉ መስሎኝ ጫማዬን ሳላሰማ ተመለስሁ። በማግሥቱም ሳልፍ ጸሎታቸውን አላስታጎሉም። በሌላውም ቀን እንዲሁ። እኔ ስንፍና የሚያሸንፈኝ ማለዳ አለ፤ እሳቸውን ግን ምንም አላሸነፋቸውም። ትጋት ማለት ይህ ነው።

ደግሞስ ምን ነውር አለበት? አስቢው እስቲ። ለኮክ ጉንጭ የሚበጅ ነገር ለሰው ጉንጭ ስለ ምን ይከለከላል? እኛ ኮኩን ብቻ ስንነክር ሰንብተን እሳቸው ትምህርቱን ከራሳቸው ጀመሩ። መምህር የሚባለው አስቀድሞ በራሱ ላይ የሠራ ነው፤ እኛም ተማሪ ሳለን የሚነገረን ይህ ነበር። ባለቤታቸው ለእናትሽ ምን አለቻት አሉ? “ትራስ ጉንጭ ይጨምቃል ብሎ አሁን አሁን በጀርባው ነው የሚተኛው” አለቻት። ሥጋውን እንዲህ የሚገዛ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ፊታቸውም፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አምሯል። አላማረም? በግንባራቸው ላይ የነበረው መስመር ሁሉ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ተዘርግቷል። ፀጉር አስተካካያችን ራሱ “ወንበሬ ላይ ሲቀመጡ ማን እንደ ሆኑ ጠፋኝ” ብሎኛል። ያው በዚያው ሰሞን ኮኮቹ መጨማደድ ጀመሩ። እሳቸው ይለሰልሳሉ፣ ኮኮቹ ይጨማደዳሉ፤ ኮኮቹ ይሸብታሉ፣ እሳቸው… እንዲያው ገጥሞ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ዱቄቱ ለመከሩ ሁሉ ተመጥኖ የተሰጠ ነበር፤ በመከሩ እኩሌታ አለቀ። ዱቄት ማለቁ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው የእሳቸው ብልሃት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባለሙያዋን ጠርቶ “አለቀብን፣ ጨምሪልን” ይል ነበር። “የት ገባ?” ብላ ብትጠይቅስ? ያችን መልካም ሴት በጥያቄ ማድከም ይገባል? ስለዚህ እኒያ ሰው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ወደ ፋርማሲ ወረዱ፤ እነዚያን በቀጭን ቱቦ የሚሸጡትን፣ ጉንፋን ሲይዘን በውሃ አሟሙተን የምንጠጣቸውን፣ የብርቱካን ጣዕም ያላቸውን ክብ ክብ እንክብሎች በሻንጣ ሞልተው መጡ። ላዩ ላይ በትልቁ “ቫይታሚን” ይላል። ከሥሩ ስኳር ቢል፣ ቀለም ቢል፣ እሱ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ትልቅ ሰው ትንሽ ፊደል ያነባል እንዴ?

ገንዳው ሲፈላ አንቺም አይተሻል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ውሃው ይንተከተካል። እኔማ ተአምር መስሎኝ ቆቤን አወለቅሁ። ከዚያ ኮኮቹ ገቡ፤ ሲወጡ ጸሐይ የጠለቀችባቸው መስለው ወጡ። አንቺ “ማራገቢያው ፊት ይቆዩ እንጂ፣ እርጥብ ናቸው” ስትዪ ምን አሉሽ? “የአንቺ ሥራ መቆለፍ ነው።” ልክ ናቸው እኮ። ሥራሽን አሳወቁሽ። እንዳልደረቁ ተጭነው ገቡ፣ አንቺም ቆለፍሽ። ታዘዝሽ። ታዛዥነት ከአባትሽ የወረስሽው ነው።

እንግዶቹም ወዲያው መጡ። ጉንዳኖቹን ማለቴ ነው። ከደጁ ስንጥቅ እስከ ገንዳው፣ ከገንዳው ተራ እስከሚጠብቁት ሳጥኖች፣ በአንድ መስመር፣ ሳይጋፉ፣ ሳይነጣጠቁ። እንዲህ ያለ ሥርዓት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አይቼ አላውቅም። ማርማላታ የምትሠራው ጎረቤታችን አንዱን ቀምሳ “አባቴ፣ ይህ ኮክ ነው ወይስ የጉንፋን መድኃኒት?” ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? “ኮኩ ጉንፋን ይዞት ነበር” አልኋት።

እስቲ ከዚያ ከደህናው ሳጥን አንዱን አቀብዪኝ። አየሽው? ይህ በፊት፣ በዱቄቱ የተነከረውና የደረቀው ነው። ዛሬ ማለዳ የተለቀመ አይመስልም? ልጣጩ የተወጠረ ነው፣ እጄ ላይ ይከብዳል፣ ሽታው ኮክ ኮክ ይላል። ይህን ሳይ ባለሙያዋ የነገረችን ሁሉ እውነት ነበር እላለሁ። ትምህርቱ ደህና፣ ፍሬው ደህና፣ ማቀዝቀዣው ደህና… ታዲያ መካከል ላይ ምን ገባ? ይህን ያህል ሰው ዓመት ሙሉ ቆፍሮ፣ አጠጥቶ፣ ወፍ ጠብቆ ያመጣውን እኩሌታ፣ አንቺ ዛሬ እየጣልሽ ነው። አባትሽ ቢያይ… ተይው። ወንድሜን አላነሣም።

እኒያ ሰው ግን እንዴት አዘኑ። ትናንት በስብሰባው ሲነሡ፣ ያ የሚያምር ፊታቸው እንዴት በኀዘን አማረ። “ጥፋቱ የማንም አይደለም” ብለው ጀመሩ። ልብ አድርጊ፣ የማንም። ከዚያ “ምናልባት የዕቃ ቤት ጠባቂያችን ደክሟት የማቀዝቀዣውን በር ክፍት ትታ ይሆናል እንጂ” አሉ። ይሆናል አሉ፤ ነው አላሉም። መፍረድ የማይወዱ ሰው ናቸው። “አትጨክኑባት፣ ልጆች ታሳድጋለች” ብለውም ለመኑልሽ። ነገ ጠዋት በሁሉ ፊት ቁልፉን ብቻ እንድታስረክቢ፣ ሌላ ቅጣት እንዳይኖርብሽ። ብናኙ ያኔ ነው የገባው፣ አውቄዋለሁ።

ይህ ቁልፍ ወንድሜ እስኪያርፍ ድረስ ከወገቡ ያልተፈታ ቁልፍ ነው። ከሱ ወደ አንቺ ሲዞር እኔ ቆሜ ነበር። በግእዙ ዐቃቢ እንላለን፤ የሌላውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ የሚጠብቅ። አባትሽ እንዲያ ነበር፣ አንቺም እንዲያ ነሽ። የሌላውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ የሚጠጣ ደግሞ በግእዝ ምን ይባል እንደ ነበር… ጠፍቶብኛል። ዕድሜ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ያም የእኔ አለማወቅ ነው። ያ የማቀዝቀዣው በር ራሱን የሚዘጋ አይደለም እንዴ? በሰንሰለት የተንጠለጠለ ብረት አለው፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ዱብ ብሎ ይገጥማል። ባለፈው የካፖርቴን ጫፍ ይዞ ቀርቅሮብኝ፣ አንቺ መጥተሽ እስክታስለቅቂኝ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተጠግቼ ቆሜ አልነበረም? በእኔ ላይ እንዲያ የጨከነ በር ለአንቺ ሲሆን ክፍት ሆኖ አደረ ማለት ነው። በርም ለሰው ያዳላል። ይህን ነገ እጠይቃለሁ፤ ለመከራከር አይደለም፣ ለመማር ነው።

ሰማሽ? ወንበር የተንፏቀቀ መሰለኝ። … አይ፣ ሞተሩ ነው። ዛሬ ይህ ሞተር መቀመጫ አጥቷል።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ያች ባለሙያ ነገ ከስብሰባው ትገኛለች። የጠራኋት እኔ ነኝ፤ እኒያን ሰው በሁሉ ፊት እንድታመሰግናቸው ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም። በስልክ ሳወራት “ዱቄቱ እስከ መጨረሻው ይበቃችኋል፣ እንዲያውም ሊተርፋችሁ ይገባል” አለችኝ። እኔ ምን አውቄ? “እሳቸውን ጠይቂያቸው” አልኋት። ጣሳውንም ማየት እወዳለሁ አለች። ጥሩ ሴት ናት፣ ሁሉን ነገር ማየት ትወዳለች። እኔን “እርስዎስ አባቴ፣ ያዩት አለ?” ብላ ብትጠይቀኝ… እንግዲህ ውሸት በጊዜው አልተማርሁም፣ በዚህ ዕድሜ መጀመር ይከብደኛል። ባትጠይቀኝ እመርጣለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስለ አንድ ትልቅ ሰው ጉንጭና ስለ አንዲት ማንኪያ መናገር ደስ አይልም። ብዙ ደስ አይልም። ጥቂት ደስ ይላል እንጂ።

ግን ነገሩ እስከዚያ ላይደርስ ይችላል፤ ለምን አንጨነቅ? እኒያ ሰው ልባቸው እንደ ፊታቸው ከሆነ ነገ ከሁሉ አስቀድመው ይነሣሉ። “ወገኖቼ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ዱቄቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እንክብሉን ያመጣሁትም እኔ ነኝ” ይላሉ። ሰው ይስቃል። ይሣቅ። የሰው ሣቅ እስከ ማታ ነው፤ በማግሥቱ የሚለቀም ኮክ አለ። ቁልፉ ከአንቺ ወገብ ሳይፈታ ይቀራል፣ እኔም የማለዳ ጸሎታቸውን ነገር ይዤው እቀበራለሁ። የሚቀረው ነገር ቢኖር ጊዜው ሳያልፍ ጥፋቱን ማመን የሚችል ልብ ነው። ይህን የምለው ለአንቺ ነው እንጂ ለማንም አይደለም። ሌላ ማን አለ እዚህ?

በይ እንግዲህ ልሂድ። የለም፣ አትደግፊኝ፣ እችላለሁ። ዓይንሽን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢው፤ ነገ በደህና ዓይንሽ እያየሽ ትቀመጫለሽ። … ቆይ ግን። ስብሰባውን ሁልጊዜ በምርቃት የምከፍተው እኔ አይደለሁ? ለነገ የሚሆን፣ በተለይ ለእኒያ ሰው ብዬ ያዘጋጀሁት አለ። እዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልሞክረው፤ ነገ እንዳይጠፋብኝ። ስሕተት ካገኘሽበት ታርሚኛለሽ።

ሞተሩም ጸጥ አለልኝ፤ ይመስገን።

“የተከበሩ ወንድማችን ሆይ፣ ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ይህ ያማረ ፊትዎ ከዓመት እስከ ዓመት አይጨማደድ፤ የጠጡትም ሁሉ ለሰውነትዎ ይስማማዎት። በወገንዎ ፊት በቆሙ ጊዜ ጉንጭዎ በዛፉ ላይ እንዳለ ኮክ ይቅላ። ልጆችዎ እርስዎን ይምሰሉ፣ ጎረቤትዎም ለእርስዎ እንዲሁ እንደ እርስዎ ቅን ይሁን። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፣ በደከሙና ጠባቂ በፈለጉ ጊዜ፣ እርስዎ ፍሬያችንን በጠበቁበት በዚያው አጠባበቅ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እግዚአብሔር እርስዎን ይጠብቅዎት። አሜን።”